እማዬ የቲቪ ማስታወቂያ አይታ ሜዲኬሯን ልትቀይር ነው

ሰላም ወገኖች፣ እዚህ አሜሪካ ያላችሁ እስኪ እርዱኝ። እማዬ ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና ኢንሹራንስ፣ አላት። ጆ ናማዝ፣ ያ የድሮው የፉትቦል ኮከብ፣ ቲቪ ላይ ስለ ጥርስና መነጽር ጥቅማጥቅም ሲያወራ እማዬ ሰምታ ልትደውል ነው። ከመንግሥት የመጣ መስሏታል። ምን ልበላት?

— የልጅ አዋቂ
ኧረ ከመንግሥት አይደለም! ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ሜዲኬር አድቫንቴጅ ነው፣ እሱ ደግሞ የሜዲኬርን ሽፋን በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥ ፕላን ነው፣ የሚሸጡትም የግል ኢንሹራንሶች ናቸው። ዝነኛው ተከፍሎት ነው የሚያወራው፣ ስልኩን የሚያነሳው ሻጭም ካስመዘገባት ኮሚሽን ያገኛል። መጀመሪያ የልብ ሐኪሟ፣ የስኳር ሐኪሟ፣ ሁሉም ኔትወርኩ ውስጥ፣ ማለትም ከፕላኑ ጋር ውል ባላቸው ሐኪሞች ዝርዝር ውስጥ፣ መኖራቸውን አጣሩ።

— ቆፍጣናው
የሜዲኬር ካርድ ቁጥሯን በስልክ እንዳትሰጥ፣ በቃ።

— እቴነሽ
አባዬ አድቫንቴጅ ተመችቶታል፣ ሁሉንም አንኮንን። ግን በየስቴቱ ሺፕ (SHIP) የሚባል ስለ ሜዲኬር ነጻ ምክር የሚሰጥ አገልግሎት አለ፣ እነሱ የሚሸጡት ነገር የለም። ምዝገባው ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው፣ ምን አስቸኮላት?