ረስት ለጀማሪ እንዲቀል ምን ይቅደም? ትርጉሙ ወይስ አጫጫኑ?

ጣና ዳር፦ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ለክረምት ሠልጣኞች ረስት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እናስተምር ብንል ቀድሞ መሠራት ያለበት ምንድን ነው? እኔ የኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) የስህተት መልእክት ወደ አማርኛ ይመለስ ባይ ነኝ። ቋንቋው ወጣት ነው፤ የመጀመሪያው የተረጋጋ እትሙ፣ 1.0፣ የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። የአማርኛ ማስተማሪያ እንደ ልብ አይገኝም። ጀማሪን የሚያሸሸው ኮዱ ሳይሆን ያልገባው ቀይ ጽሑፍ ነው።

አባይ ማዶ፦ ቀይ ጽሑፉ ጋ ስንቱ ይደርሳል? ዊንዶውስ ላይ የረስት መጫኛው ረስትአፕ የማይክሮሶፍትን የሲ++ መገንቢያ ይፈልጋል፤ እሱ ብቻውን በጊጋባይት የሚቆጠር ነው። በሞባይል ዳታ ማን ያወርደዋል? ያን የዘለለ ሰው የመጀመሪያ መልመጃው ላይ «ሊንከር (የኮዱን ክፍሎች ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያጋጥመው ማገናኛ) አልተገኘም» ተብሎ ይቀራል። ለጀማሪ ያን መገንቢያ የማይፈልገው የረስት ዓይነት፣ የጂኤንዩው፣ ይበቃል፤ ማገናኛው አብሮት ይመጣል። ራሱን የቻለውን መጫኛ አንድ ሰው አንዴ አውርዶ በፍላሽ ማዞር ነው።

የቆሎ ተማሪ፦ አባይ ማዶ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። በረስትአፕ የምትጭኑ «ሚኒማል» የሚለውን አትምረጡ፤ ሰነዱን ያስቀረዋል። በመደበኛው ምርጫ ግን ማስተማሪያ መጽሐፉ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል፤ «ረስትአፕ ዶክ» ስትሉት ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል።

ጣና ዳር፦ በእንግሊዝኛ! ስህተት ኢ0382ን እዩት። «ሀ» ውስጥ ያለውን ስትሪንግ (ጽሑፍ) ለ«ለ» ሰጥተህ ተመልሰህ «ሀ»ን አትም ስትለው እንቢ ይላል። ጆንያውን ለጎረቤት አስረክበህ ከዚያው ጆንያ ልስፈር እንደማለት ነው። በአማርኛ በሁለት መስመር ያልቃል።

የቆሎ ተማሪ፦ በየትኛው አማርኛ? አንዳንዱ ቦሮውን (ዋጋን ሳይረከቡ ለጊዜው መጠቀምን) «መበደር» ይለዋል። እህል ይበደሩታል፤ የሚመለሰው ሌላ እህል ነው። ሞፈር ግን ይዋሱታል፤ የሚመለሰው ያው ሞፈር ነው። ረስት የሚያደርገው ሁለተኛውን ስለሆነ «መዋስ» ነው መባል ያለበት። እዚህ ላይ ከተሳሳትን ተማሪው ሐሳቡን ገልብጦ ይይዘዋል።

ጮቄ፦ ኮምፓይለሩን ራሱን እንተርጉም የምትሉ ደግሞ አስቡበት። አዘጋጆቹ መልእክቶቹን ለትርጉም ማመቻቸት በ2022 ጀምረው ነበር፤ ተቀዛቀዘ። አዲስ እትም በየ6 ሳምንቱ ይወጣል፣ መልእክቱም አብሮ ይቀያየራል። ማን ይከታተለዋል? ደግሞ የኛ ልጅ የሚወድቅበት ሌላ ነው። የአማርኛ ኪቦርዱን ሳያጠፋ በሴሚኮለኑ «;» ፈንታ «፤» ይጽፋል፤ ለኮምፓይለሩ ያ እንግዳ ምልክት ነው። ተለዋዋጩን አንድ ቦታ «ፀሐይ» ሌላ ቦታ «ጸሐይ» ካለውም ሁለት ስም ሆኖ ያርፈዋል። ከሁሉ የባሰው የ«ሰላም» ርዝመት ነው፦ ርዝመት የሚለካው «ሌን» 9 ይልሃል፣ አንዱ የግእዝ ፊደል ረስት ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ። የመጀመሪያውን 1 ባይት ቆርጠህ ላውጣ ካልህ ፕሮግራሙ ፓኒክ ብሎ ይቆማል። ፊደል መቁጠር ከፈለግህ «ካርስ» ብለህ «ካውንት» በለው፣ 3 ይሰጥሃል። ይህን የውጭ መጽሐፍ በአማርኛ ቃል አያሳይህም።

አባይ ማዶ፦ እንግዲያ ኮምፓይለሩ ይቅር፣ ጀማሪ የሚገጥመው 10 ስህተት በኮድ ቁጥሩ በአንድ ወረቀት ይጻፍ። ቁጥሩ እንደ መልእክቱ ቶሎ ቶሎ አይቀያየርም። ከመጫኛው ጋር ፍላሽ ላይ ይግባ።

ጣና ዳር፦ ወረቀቱን እቀበላለሁ። ግን ኢ0382 መጀመሪያ ይሁን፣ «መዋስ»ም ይሁን። «ሀ» ለ«ለ» ሲሰጥ የሆነውን «ሙቭ»ን ምን እንበለው? «ማዛወር» የመሥሪያ ቤት ቃል ሆነብኝ።

የቆሎ ተማሪ፦ «ማስረከብ»። ራስህ ጆንያው ላይ ብለኸዋል።