ለመስቀል ድንኳን ይዘን ዓባይን ልንሻገር ነው፣ ጎጃም የት ብንሰፍር ይሻላል?

ባለድንኳኑ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዘንድሮ መስቀልን እንደወትሮው አዲስ አበባ ሳይሆን ጎጃም ልናሳልፍ አስበናል። አራት ትልልቅ ሰዎችና ሁለት ልጆች ነን። አንድ ያረጀች ግን እስካሁን ያልከዳችን ላንድክሩዘር አለችን፣ ሁለት ድንኳን፣ አንድ ቡታጋዝ። ጊዜያችን ከመስከረም 13 እስከ 21 ነው።

የቸገረን የምንሰፍርበት ቦታ ነው። በየቀኑ ድንኳን ነቅሎ መጫን ከልጅ ጋር አይሆንም፤ ባለፈው ጉዟችን ሞክረነው ግማሹ ቀን ካስማ ስንነቅል፣ ግማሹ ስንተክል አለቀ። ስለዚህ አንድ ቦታ ተክለን፣ ጠዋት እየወጣን ማታ እየተመለስን ማየት የምንፈልገውን ብናይ ብለናል። የምንፈልገው ደመራ (የከተማ ሳይሆን የገጠር ቢሆን ደስ ይለናል)፣ ጢስ ዓባይ ውሃው ሳይቀንስ፣ ዘጌ (የጣና ገዳማት)፣ ግሽ ዓባይ (የዓባይ ምንጭ)፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ጮቄ ተራራ።

ባለቤቴ ባሕር ዳር ትላለች። ወንድሟ ዘንገና ሐይቅ ዳር አንዴ አድሮ ስለነበር እንጅባራ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እኔ ደብረ ማርቆስ ብያለሁ፣ ምክንያቴ ለአዲስ አበባ ቅርብ መሆኑ ብቻ ነው፣ አልዋሽም። ጎረቤታችን ደግሞ «የአገው ፈረስ እንዳያመልጣችሁ» አለን። በመስከረም አለ እንዴ?

ውሃና ሽንት ቤት ያለው የድንኳን ቦታ የምታውቁ ብትጠቁሙን ትልቅ ውለታ ነው።

የኮሶበር ልጅ፦

ከፈረሱ ልጀምር። የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 ነው፤ በበጋ፣ ሜዳው ሲጠነክር። ሰባት ቤት አገው የዓድዋ ፈረሶችንና ፈረሰኞችን እያሰበ የሚያከብረው በዓል ነው። ጎረቤትህ በመስከረም አየሁ ካለህ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አይቶ ይሆናል። ለበዓሉ በጥር ተመለሱ፣ አትቆጩም።

አሁን ወደ ዘንገና። የሚስትህ ወንድም እውነቱን ነው፣ ቦታው ያምራል። ከእንጅባራ ብዙ አይርቅም፣ ከዋናው አስፋልት ወረድ እንዳልክ ደን የከበበው ክብ ሐይቅ ታገኛለህ፣ ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሲነሳ ሻይ ይዘህ ብትቀመጥ ሌላ ምንም ሥራ አያስፈልግህም። ግን እኔ የዚያው አገር ልጅ ሆኜ ልንገርህ፣ በመስከረም አጋማሽ እንጅባራ ገና ክረምት ናት። ከፍታው 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ዝናቡም መስቀል ደረሰ ብሎ ይሉኝታ አይዘውም። አዲስ አበባ ሳለህ «ውሃ አያስገባም» የተባልክበትን ድንኳን ዘንገና ትፈትነዋለች።

ከመጣችሁ እንጨት ከደኑ እንዳትለቅሙ። ከሰል ገበያ ላይ ሞልቷል፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ እየተከለ ነው የሚያከስለው። መንገድ ዳር የቀርቀሃ ወንበርም ግዙ፣ ከዚያ ከምታጣጥፉት የጨርቅ ወንበር ይሻላል። ለግሽ ዓባይ ከእኛ ዘንድ መነሳት ይቀላል፣ በጥሊሊ በኩል ነው የሚገባው። ምንጩ ጋ ጠበል መጠመቅ የሚያስብ ካለ ቁርስ ሳይቀምስ ይሂድ፤ በልተው መጥተው ከደጅ የተመለሱ እንግዶች አይቻለሁ፣ ያሳዝናሉ።

ጣና ዳር፦

እኔ የባሕር ዳር ሰው ነኝ፣ ለከተማዬ ማዳላቴን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ወንድሜ፣ የዘረዘርከውን ግማሹን የምታየው ከእኛ ተነስተህ ነው። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት። በሌላ ወር መጥተው «ፏፏቴው ይሄ ነው?» እያሉ የሚመለሱ ብዙ ናቸው፣ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ። በመስከረም ግን ሞልቶ ታገኘዋለህ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ለልጆቹ ቦቲ አድርጉላቸው። ለዘጌ ደግሞ ጀልባውን በጠዋት ያዙ። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ይነሳበታል፣ ማዕበሉ ያልለመደውን ሰው ሆድ ይገለብጣል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ ሥዕሎቹን ለማየት አትቸኩሉ፣ ልጆቹ ብቻቸውን አንድ ሰዓት ሊፈዙባቸው ይችላሉ።

የድንኳን ቦታን በተመለከተ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አትጠብቁ። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎችና ሎጆች አንዳንዶቹ ሣራቸው ላይ እንድትተክሉ ይፈቅዳሉ፣ ሻወርና ሽንት ቤታቸውን ትጠቀማላችሁ። ቀድማችሁ ደውሉና ዋጋውን ተነጋገሩ። በዓል ሲደርስ ዋጋ ይጨምራል፣ ቦታም ይጠባል።

አንድ ነገር ግን ከከተማዬ ፍቅር በላይ ነው፤ ወባ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የወባ ወቅት ነው፣ ሐይቅ ዳር ሣር ላይ ድንኳን ተክላችሁ ዚፑን ለንፋስ ብላችሁ ገርበብ አድርጋችሁ ብትተኙ ትንኟ ድግስ ነው የምትቆጥረው። አጎበር ያዙ። ሲመሽ ልጆቹን እጅጌ ሙሉ አልብሷቸው። ከተመለሳችሁ በኋላ አንዱ ካተኮሰው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ ቤት እንዳታቆዩት፣ ወባ ያለበት አገር እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

መንቆረር፦

ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን ጥያቄውን ከጅራቱ ነው የያዛችሁት። ጢስ ዓባይ መስከረም 14 ብታዩት 19 ያው ነው። ዘጌም የትም አይሄድም። ቀን የማይጠብቃችሁ ደመራው ብቻ ነው። የገጠር ደመራ እንፈልጋለን ካላችሁ ደግሞ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ የሚባለው ነገር አይሠራም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔ ያደግሁት ከማርቆስ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። እኛ ዘንድ ደመራው 16 ማታ ይደመራል እንጂ አይለኮስም። የሚለኮሰው 17 ሊነጋጋ ሲል ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አባቴ ሳል ሳል ይላል፣ እሱ ሳል መቀስቀሻችን ነው። ችቦው ከምድጃው ይለኮሳል፣ ከቤት ሲወጣ የቤቱ ማዕዘን ሁሉ ይታይበታል፣ ከዚያ ወደ ደጅ። ያኔ ቀና ብለህ ማዶ ስታይ ከየጎጡ የሚወርድ እሳት ነው፣ ሰዉ አይታይህም፣ ችቦው ብቻ እየተወዛወዘ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። «እዮሃ አበባዬ» የሚለው ድምፅ ከእሳቱ ቀድሞ ይደርሳል። እናቴ በዘመን መለወጫ ዋዜማ እህቶቼ ነቅለው የጎነጎኑትን እንግጫ፣ ከምሰሶው ላይ ታስሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ የደረቀውን፣ ፈትታ ይዛ ትመጣና እሳቱ ላይ ትጥለዋለች። ሣር ነው፣ ቦግ ብሎ ያልቃል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ከመሐለኛው እንጨት አይነቅሉም፣ በየት በኩል ወደቀ ብለው የዘመኑን ነገር የሚያነቡት በሱ ነው፣ አንድ ዓመት ሁለቱ ሽማግሌዎች «ወደ ምሥራቅ ነው»፣ «የለም ዘወር ብሏል» ብለው ተኳርፈው እስከ ጥቅምት አልተነጋገሩም። አመዱን ግንባራችን ላይ እናደርጋለን። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ሰው ጥላሸት ጠጥቶ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ወደ ቤቱ።

እንግዲህ ባሕር ዳር ወይም ዘንገና አድራችሁ ይህን ለማየት በሌሊት ልትነዱ ነው? አይሆንም። በሌሊት መንዳት ድሮም አይመከርም፣ አሁንማ ጭራሽ። ደመራው ባለበት ማደር አለባችሁ። ቦታውን ደመራው ይምረጥላችሁ።

ሰዓቱ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያል። ከተማው 16 ከሰዓት የሚለኩስበት አለ፣ ገጠሩ ንጋት ላይ፣ ስለዚህ «ደመራ መቼ ነው?» ሳይሆን «መቼ ነው የምትለኩሱት?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላንደሩን ጎራ ብላችሁ እዩ፣ መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ጾም ነው፣ ዶሮ ተስፋ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ።

ጭቃ የሰለቸው፦

መንቆረር ልክ ነው። ግን «ደመራው ያለበት ተክላችሁ እደሩ» ሲል የት ላይ እንደሚተክሉ አልነገራቸውም። በመስከረም ጎጃም ባዶ መሬት ያለ ይመስላችኋል? ያልተዘራ የለም። ጤፍ ነው፣ ስንዴ ነው፣ በቆሎ ነው። የቀረው የከብት ግጦሽ ነው።

እኛ አንዴ እሱን አደረግን። ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ፣ ዳር ዳሩ አደይ አበባ፣ ፎቶ ቢነሳ የሚያስቀና። አንድ እረኛ ልጅ መጥቶ «እዚህ ነው የምታድሩ?» አለን። አዎ አልነው። ምንም አላለም፣ ሳቅ አለና ሄደ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ባለቤቴ «ፍራሹ ተንሳፈፈ» ስትለኝ የልጁ ሳቅ ገባኝ። ሜዳው ለጥ ያለው ውሃው የሚተኛበት ስለሆነ ነው። በባትሪ እያበራን እቃ ስናወጣ አንድ አባወራ ከነጋቢያቸው ወጥተው ምንም ሳይጠይቁ ልጆቻችንን አንድ በአንድ ተሸክመው ቤታቸው አስገቧቸው። ቀሪውን ሌሊት ከጥጃ ጋር ነው ያደርነው። ልጆቼ ከጉዞው ሁሉ የሚያስታውሱት ጥጃዋን ነው እንጂ ፏፏቴውን አይደለም።

ስለዚህ ተዳፋት ፈልጉ፣ ትንሽ ዘንበል ያለ። መጀመሪያ የቀበሌውን ሰው ወይም የደብሩን አለቃ አነጋግሩ፣ ዝም ብሎ መትከል ነውርም ነው፣ ጥርጣሬም ያስነሳል። ከድንኳኑ በላይ በኩል ቦይ ቆፍሩ። ማታ ምግብ ውጭ አትተዉ፣ ጅብ አለ። የሰፈር ወጣት ለጥበቃ ብትቀጥሩ ገንዘባችሁ አይባክንም።

የኮሶበር ልጅ፦

ፍራሽ የተንሳፈፈው እኛ አገር እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ 😂

መንቆረር አሳምኖኛል፣ ግን ካርታ ላይ መሐል መሆን ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማርቆስ 150 ገደማ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን መሐል ስትሆን ለሁሉም እኩል ሩቅ ነህ። በበዓል ሰሞን ደግሞ መንገዱ በግ ነው፣ 120 ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት እጨርሳለሁ የሚል ሰው በግ ነድቶ አያውቅም።

ባለድንኳኑ፦

አመሰግናለሁ፣ በተለይ ስለ ጥጃዋ። ትናንት ማታ ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ባለቤቴ ወባ ስትሰማ ባሕር ዳርን ልትተወው ነበር፣ አጎበር እገዛለሁ ብዬ መለስኳት።

አሁን የደረስንበት ይህ ነው። ከ13 እስከ 15 ባሕር ዳር፣ ሆቴል ሣር ላይ። ዘጌና ጢስ ዓባይን እዚያ እንጨርሳለን። 15 ጠዋት ነቅለን ማርቆስ አካባቢ ወዳለ ገጠር፣ ባልደረባዬ አክስት አሉት፣ ግቢያቸው ተዳፋት መሆኑን ትናንት ደውዬ አረጋገጥኩ (ሴትዮዋ «ተዳፋት ለምን ትፈልጋለህ ልጄ?» ብለው ግራ ገባቸው)። ደመራውን እዚያው። 18 ወደ እንጅባራ ተመልሰን ግሽ ዓባይ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ዘንገና፣ እሱም ለሚስቴ ወንድም አፍ መዝጊያ። አንድ ቦታ ብቻ እንሰፍራለን ያልነው ፈረሰ፣ ሦስት ሆነ። ጮቄ ቀረ።

ለአክስትየዋ ምን ይዘን እንሂድ?

መንቆረር፦

መልካም አስበሃል። ጮቄ ቢቀር አትዘን፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል መሐል በመስከረም ጉም ስለሚተኛበት እጅህንም አታይም። በኅዳር ና።

ግን 18 ወደ እንጅባራ ስትመለሱ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ መሐል ቀስ በሉ። የበቆሎ እሸት ደርሷል፣ መንገድ ዳር ጠብሰው ይሸጣሉ። ለልጆቹ አንድ አንድ፣ ለአንተ ሁለት።

ለአክስት ቡናና ስኳር ይበቃል። ሻማ ጨምሩ፣ መብራት ይጠፋል። ገንዘብ እንዳትሰጧቸው፣ ይቀየማሉ፤ ስትወጡ ለልጅ ልጆቻቸው ደብተር ብትሰጡ ግን አይቆጡም፣ ትምህርት የሚጀመርበት ሰሞን ነው። እና እንደደረሳችሁ «እናንተ ሰፈር ደመራው መቼ ነው የሚለኮስ?» ብለህ አንዴ ጠይቃቸው፣ በኔ ሰዓት አትሂድ።

ጭቃ የሰለቸው፦

አካፋ። ስለ ሁሉም ተነጋገራችሁ፣ አካፋ ያዝኩ ያለ የለም።

ባለድንኳኑ፦

አሁን መኪናው ላይ ጫንኩት።