ኡቡንቱ ላይ የዘፈን ሲዲ ለማጫወት ጥቆማ

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ላፕቶፔ ኡቡንቱ ነው፤ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን የሊኑክስ ዓይነት። በዩኤስቢ የሚሰካው ድራይቭ የፎቶ ዲቪዲ ወዲያው ይከፍታል፤ የአባቴ የዘፈን ሲዲዎች ጋ ሲደርስ ግን ፀጥ። ማውንት ሳደርገው፣ ማለትም እንደ ፎልደር ልከፍተው ስል፣ የፋይል ሲስተም ስህተት ይለኛል። ላሠራው፣ ሌላ ልግዛ ወይስ ሶፍትዌር ነው? የምታምኑት ቤት ካለ ጠቁሙኝ።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ለጥገና እንዳትሰጥ! ፒያሳ አንድ ቤት ሰጥቼ፣ ሲዲዬ ውስጡ እያለ ፈቱት። ሲመልሱልኝ ሲዲው ተጫጭሯል፣ ድራይቩም አያነብም። «ሌንሱ አልቋል» ብለው ሂሳብም ተቀበሉኝ።

የመርካቶ ሰው፦ ምዕራብ ሆቴል አካባቢ የማሠራበት ልጅ አለ፣ እጁ ወርቅ ነው። ቴፕ በለው፣ የመኪና ሬዲዮ በለው። ከሱ ሌላ አላምንም።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ሊኑክስ ያውቃል?

የመርካቶ ሰው፦ ሊኑክስ ምን ያደርግልሃል? ሥራውን ያውቃል አልኩህ እኮ።

ቦሌ፦ ዊንዶውስ ጫንና ተገላገል።

ጉለሌ፦ ጎበዝ። ጫማ ሲጠበውም እግሩን ይቁረጥ በለዋ።

ተርሚናል፦ ወንድሜ፣ ከመግዛትህም ከማሠራትህም በፊት ይህን ሞክር። የዘፈን ሲዲ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች የሚደራጁበት ሥርዓት፣ የለውም፤ ድምፁ በቀጥታ ነው የተጻፈበት፣ ስለዚህ ማውንት አይደረግም። ያየኸው ስህተት የብልሽት ምልክት አይደለም። ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ ክፈትና «ዲስክ ክፈት» ከሚለው ውስጥ «ኦዲዮ ሲዲ»ን ምረጥ። ድራይቩን መክፈት አልተፈቀደልህም ካለ፣ ስምህን «ሲዲሮም» የሚባለው የተጠቃሚዎች ግሩፕ ውስጥ አስገባና ከአካውንትህ ወጥተህ እንደገና ግባ። ይህም ካልሠራ ኤምፒስሪ ፋይል ያለበት ዳታ ሲዲ አስገባ። ዲቪዲ ማንበቡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ዲቪዲ በ650፣ ሲዲ በ780 ናኖሜትር ሌዘር ነው የሚነበበው፣ የሲዲው ብቻ ሊደክም ይችላል። ኤምፒስሪውም እምቢ ካለ ሌላ ድራይቭ ግዛ። ከተነበበ ግን ችግሩ የአባትህ ሲዲዎች ላይ ይሆናል፤ የዘፈን ሲዲ እንደ ዳታ ሲዲ ተጨማሪ የስህተት ማረሚያ ስለሌለው ጭረት ቶሎ ይጎዳዋል። ከመሃል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ ጥረገው፣ ዙሪያውን አታሽከርክር። ሲነበብልህ ደግሞ ሲዲፓራኖያ በሚባለው መገልበጫ ፕሮግራም ገልብጠህ አስቀምጠው፤ ደቂቃው 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ጥራቱን ሳይቀንስ በሚያሳንሰው በፍላክ ፎርማት ብታደርገው ግማሽ ያህል ይቀንስልሃል። የአባትህ ዘፈን በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አይቅር።

ሽሮ ሜዳ፦ ከድራይቩ ወደ ሳውንድ ካርዱ የምትሄደዋ ቀጭን ገመድ አለች? እሷ ከሌለች የድሮ ማጫወቻዎች ዲስኩን ያሽከረክራሉ እንጂ ድምፅ አያወጡም።

ጉለሌ፦ በዩኤስቢ ነው እያለህ የምን ገመድ።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ብቻ ፒያሳ እንዳትሄድ።

ቦሌ፦ ፒያሳ የነበሩት ቤቶች እኮ ብዙዎቹ ተነሥተዋል። የትኛውን ነው የምትለው?

እናት ዓለም፦ በዚሁ ልጠይቅ፣ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሰው ታውቃላችሁ? የእናቴ ሠርግ ካሴት አለኝ።

የመርካቶ ሰው፦ ምዕራብ ሆቴል አካባቢ ያልኩት ልጅ ጋ ውሰጂው።