«የደም ክስ» ያለችው ነገር አልዋጥልኝ አለ

ሬሆቮት፦ ትናንት ማታ አይሁድ ሴት ጋዜጠኞች ስለ ፀረ ሴማዊነትና ስለ ሐሰተኛ ዜና ሲያወሩ ቁጭ ብዬ ሰማሁ፣ አብዛኛው ልክ ነው፣ በየቀኑ የሚላክላቸውን ስድብ ሲያነቡት ጆሮ ያማል። አንዷ ግን ለምሳሌ ብላ የኛኑ የኢትዮጵያ አይሁዶችን ጉድ አነሳች። «እስራኤል ኢትዮጵያውያን ሴቶችን መካን አደረገች የሚለው ዜና የዘመናችን የደም ክስ ነው» አለችና፣ አይሁድ የክርስቲያን ልጅ አርደው ደሙን ይጠቀማሉ እንደሚባለው የድሮ የሐሰት ክስ ማለቷ ነው፣ ወደ ሌላ አለፈች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም! እማዬ አጠገቤ ቡና እየቆላች ነበር፣ በዕብራይስጥ የተባለውን ስነግራት መቁላቱን ትታ «ታዲያ ያ መርፌ ምን ነበር?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ሲስተርዬ፦ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ነበር በያት። ዲፖ የሚባለው። አገር ቤት ጤና ጣቢያ ስሠራ በቀን ስንቱን ስወጋ ነው የምውለው፣ በሦስት ወሩ ተመልሰሽ ካልመጣሽ መድኃኒቱ ያልቃል፣ መውለድ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል እንጂ ማንም መካን አይሆንም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከወሊድ መከላከያ ሁሉ በብዛት የሚወሰደው እሱ ነው። ጎረቤቴ ስትወጋው የቤተሰብ ምጣኔ፣ እስራኤል ስትወጋው ማምከን? ጋዜጠኛዋ ምን አጠፋች?

የአምቦበር ልጅ፦ ሲስተር መርፌውን ማን ጠየቀሽ። እኔ የያዝኩት «የደም ክስ» የሚለውን ነው። ነገሩን ቴሌቪዥን ላይ ያወጣው ማነው? ጋል ጋባይ፣ አይሁዳዊት፣ ሴት፣ ጋዜጠኛ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2012 በእስራኤል ትምህርት ቴሌቪዥን 35 ሴቶቻችንን አነጋግራ። ከሷ በፊት በ2009 የሃይፋዎቹ ኢሻ ለኢሻ የተባሉ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ይህን መርፌ ከሚወስዱት ሴቶች ከግማሽ በላይ የኛ ናቸው ብለው ጽፈዋል፣ እኛ ከሕዝቡ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ በማንሞላበት አገር። የደም ክስ ከሆነ ከሳሾቹ እነዚህ ናቸው ማለት ነዋ? ደግሞ ደም ካነሳች አይቀር፣ እኛ የለገስነውን ደም የደፋው ማን ነው? በፈረንጆቹ 1996 የሆነውን ረስታለች ወይስ አልተወለደችም?

ዲሲ ታክሲ፦ ወንድሜ በለው! ደግሞ እኮ ራሷ እስራኤል አምናለች፣ ጃንዋሪ 2013 ዓለም ሁሉ ጽፎታል። ያመነን ሰው ትካጂለታለሽ እንዴ። ሚዲያው በእጃቸው ስለሆነ ነው አሁን ገልብጠው የሚያወሩት።

ባት ያም፦ ዲሲ፣ ሚዲያው በእጃቸው ከሆነ ይህን ዜና ማን አወጣባቸው? አንተ ታክሲ ውስጥ ሆነህ?

ዲሲ ታክሲ፦ እሱን ተይው፣ ጥያቄውን መልሺ፣ አምናለች አላመነችም?

ጠያቂው፦ እኔ ልመልስልህ። ደብዳቤውን አንብበኸዋል? የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር የያኔው ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ ለአራቱም ኩፓት ሆሊም፣ ለጤና መድን ድርጅቶቹ፣ የጻፈው ነው። ጥቅምና ጉዳቱን በደንብ ያልተረዳች ሴት ከሆነች፣ የኢትዮጵያ ተወላጅም ትሁን ሌላ፣ መርፌውን አታድሱላት ይላል። እዚያው ላይ በክሱ አቋም ሳልይዝ ነው ይላል። ሃአሬትስ ጋዜጣ «አመነች» ብሎ አወጣ፣ ኋላ አስተካከለው፣ ግን ማስተካከያውን ማን ያነባል፣ ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ ሲዞር መርፌው «ማምከን» ሆነ፣ ከዚያ «በግድ ማምከን»። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው መርምሮ በግድ ለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ጋዜጠኛዋ የተናገረችው ወሬው እንዲህ ስለተዛባበት መንገድ ነው።

የአምቦበር ልጅ፦ አቋም ሳይይዙ ማቆም! ይህንንስ ወደድኩት። ምንም ካልተደረገ ምኑን ነው አቁሙ ያለው?

ጠያቂው፦ ሐኪም ተጠንቀቁ ስላለ ወንጀል አመነ ማለት ነው?

የአምቦበር ልጅ፦ ተጠንቀቁ አላለም፣ አታድሱ ነው ያለው። ቃል አትለውጥብኝ፣ አሁን የተጣላነው ቃል በመለወጥ አይደል እንዴ።

አዘዞ ሰፈር፦ እዚህ እኛ ጋ እያላችሁ ማን ነካችሁ? በሰላም ስትኖሩ ነው ተስፋይቱ ምድር ብላችሁ የሄዳችሁት። እዚህ መርፌ የወጋችሁ አለ? ደማችሁን የደፋ አለ?

የአምቦበር ልጅ፦ መጣልህ! አዘዞ፣ አያቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ ያንተ አያት ያረሱበትን ማረሻ የሠራው እሱ ይሆናል። ቀን ማረሻ ያሠሩታል፣ ማታ ልጅ ካተኮሰው «ያ ፈላሻ በላው» ይላሉ። ሌሊት ጅብ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል ሲባል ነው ያደገው አባቴ። የታመመውን ልጅ አምጥተው ደጃችን ላይ አስለፍልፈውታል፣ «ማን ነው የበላህ» እያሉ፣ አባቴ ቤት ውስጥ ሆኖ የአባቱን ስም ሲጠሩ ይሰማል። የደም ክስ ማለት ይሄ ነው! ለዚህ አውሮፓ መሄድ አያስፈልግም።

ባት ያም፦ እውነት ነው፣ አውሮፓ አይሁድ የክርስቲያን ልጅ አርደው ደሙን የፋሲካ ቂጣ ላይ ያደርጋሉ ተብሎ ስንት ሰው አለቀ፣ የኛው ቡዳ ደግሞ ቂጣ የለውም እንጂ ወሬው አንድ ነው።

አዘዞ ሰፈር፦ እናንተስ «አትንኩኝ» ስትሉን አልነበር? ገንዘባችንን እንኳ ውሃ ውስጥ ጣሉት እያላችሁ የምትቀበሉት። እኛ ረክሰን ነው?

የአምቦበር ልጅ፦ የመንጻት ሕግና ሰው በላ መባል አንድ ሆነብህ? ይቅርታ ጠይቅ።

አዘዞ ሰፈር፦ እኔ መቼ ቡዳ አልኩ!

ሲስተርዬ፦ ኧረ ወደ ነገሩ ተመለሱ፣ ጅብና መርፌ ምን አገናኘው።

ዲሲ ታክሲ፦ ስለ ጋዛስ ለምን አታወሩም? ሐሰተኛ ዜና ሐሰተኛ ዜና ይላሉ፣ እዚያ የሚያልቀው ሕዝብ ሐሰት ነው?

ጠያቂው፦ ማንም ሐሰት ነው አላለም። ግን ጋዛን ካነሳህ አል አህሊ ሆስፒታልን አስታውስ፣ ኦክቶበር 17፣ 2023። ኒውዮርክ ታይምስ ፍንዳታው እንደተሰማ የሐማስን ቃል ይዞ ርዕስ አወጣ፣ በስድስተኛው ቀን የመጀመሪያ ዘገባችን በሐማስ ቃል ላይ ከልክ በላይ ተደግፎ ነበር ብሎ ራሱ ጻፈ። እስከዚያ የተሰለፈው ተሰልፏል። ሴቶቹ የሚያማርሩት ይህን ነው።

ባት ያም፦ «ሴቶቹ» አትበል፣ አንድ አፍ ያላቸው ይመስል። አሚራ ሃስም አይሁዳዊት ሴት ጋዜጠኛ ናት፣ እናቷ ከናዚዎች በርገን በልሰን ካምፕ የተረፈች፣ እሷ ስንት ዓመቷ ራማላ ቁጭ ብላ ስለ ወረራው ለሃአሬትስ ስትጽፍ። እሷን ብትጋብዟት ሌላ ነበር የምትላችሁ። ፕኒና ታማኖ ሻታስ? ፖለቲካ ሳትገባ በፊት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነበረች፣ አይሁዳዊት፣ ሴት፣ የጎንደር ልጅ። ዲሴምበር 2013 የክኔሴት፣ የእስራኤል ፓርላማ፣ አባል ሆና እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ልስጥ ብትል ኢትዮጵያ ስለተወለድሽ አይሆንም ተባለች። እሷ ትጠየቅ የደም ክስ ምን እንደሆነ።

የአምቦበር ልጅ፦ ጎሽ! እኔ ምን አልኩ፣ ደም ደም ካሉ የኛን ይጠይቁ። 1996 የደም አሰባሳቢው ድርጅት ማዳ እኛ የሰጠነውን ደም በድብቅ ሲደፋ ኖሮ ማዓሪቭ ጋዜጣ አወጣው፣ እንደ ልብስ ማጠቢያ ውሃ! ጃንዋሪ 28 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት 10 ሺህ ያህል ሰው ስንወጣ እኔ ወታደር ነበርኩ፣ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ነው የሄድኩት። ያኔም «የተጋነነ ነው» ያሉ ነበሩ።

ጠያቂው፦ የደሙ እውነት ስለሆነ የማምከኑም እውነት ይሁን ነው የምትለው?

የአምቦበር ልጅ፦ እኔ ማምከን ብዬ አላውቅም። ከላይ ጀምረህ አንብብ። እኔ ያልኩት የ35 ሴት ቃል በአንድ ደቂቃ «የደም ክስ» ተብሎ አይጣልም ነው።

ሲስተርዬ፦ ከ35ቱ አንዳንዶቹ እኮ መርፌውን ካልወሰዳችሁ ወደ እስራኤል እንዳትሄዱ ይደረጋል ተባልን ነው ያሉት፣ ያ ከባድ ክስ ነው፣ ከባድ ክስ ማስረጃ ይፈልጋል።

ባት ያም፦ ማስረጃ ፈላጊዋ ሲስተር፣ አንቺ ጤና ጣቢያ ስትወጊ ወረቀት ታስፈርሚ ነበር?

ሲስተርዬ፦ እኛ በአማርኛ ነበር የምናስረዳው! ካርድ ላይ ቀጠሮ ጽፈን።

ሬሆቮት፦ ይሄን ሁሉ ሳነብ ቆይቼ እማዬን ራሷን ጠየቅኳት። የአገር ቤቱን አይደለም፣ እዚህ ከገባን በኋላ መርከዝ ክሊታ፣ የአዲስ ገቢዎች መቀበያ፣ ሳለን የወሰደችውን። «አስገደዱሽ?» አልኳት፣ «ማን ያስገድደኛል፣ ራሴ ነኝ ክንዴን የሰጠሁ» አለች። «ምን እንደሆነ ነገሩሽ?» አልኳት። «መርፌ ነው አሉ። ልጅቷ ዕብራይስጥ ነው የምታወራ፣ እኔ ኬን ኬን፣ አዎ አዎ፣ አልኩ፣ ሌላ ቃል ገና አልያዝኩም ነበር።» የሷን ቃል ነው የጻፍኩት፣ አልጨመርኩም።

ጠያቂው፦ ይኸው! ማንም አላስገደደኝም አለች።

የአምቦበር ልጅ፦ ይኸው! ማንም አልነገረኝም አለች።

ዲሲ ታክሲ፦ እና እኮ አምነዋል ማለት ነው።

ባት ያም፦ ዲሲ አንተ ተኛ።

ሬሆቮት፦ እማዬ ደግሞ ያቺ ጋዜጠኛ ማን ናት፣ አድራሻዋን ስጡኝ እያለች ነው። ቡናው አርሯል።

የአምቦበር ልጅ፦ አዘዞ፣ አልረሳሁህም፣ ይቅርታህን እየጠበቅኩ ነው።