ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋ ስልክ ደሴ ላይ ይጠራል፣ ኮምቦልቻ ላይ ግን አይጠራም፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ከጦሳ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በፈተና ሰሞን የተማሪዎችን ስልክ ሰብስቦ የማቆየቱ ኃላፊነት የወደቀው በእኔ ላይ ነው። ስልካችሁን አጥፍታችሁ አስረክቡ ብንልም ግማሾቹ ድምፁን ብቻ ቀንሰው ይሰጣሉ፤ አንዱ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የክፍሉ ዓይን በሙሉ ወደ እኔ ይዞራል። የሠላሳ ምናምን ልጅ ስልክ አንድ በአንድ እያነሡ መጥፋቱን ማረጋገጥ ደግሞ የፈተናውን ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ፋራዳይ ኬጅ ስለሚባለው፣ ዙሪያውን በብረት ስለተዘጋ መከላከያ አነበብሁና ሲግናል የማያስገባ ሣጥን በቤቴ ለመሥራት ተነሣሁ።

መጀመሪያ የጫማ ካርቶን ውስጡንም ውጭውንም በአሉሚኒየም ፎይል ለብጬ መጋጠሚያዎቹን በፕላስተር አሸግሁ። ስልኬን ከትቼ በባለቤቴ ስልክ ስደውል ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ ጠራ። ቀጥሎ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ፣ ክብ የብስኩት ቆርቆሮ ሞከርሁ፤ እሱም ጥቂት ዘግየት ብሎ ጠራ። ግራ ያጋባኝ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ባለፈው ሳምንት አጎቴን ለመጠየቅ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበርና ያንኑ ቆርቆሮ፣ ያንኑ ስልክ፣ ያንኑ ሲም ካርድ ይዤ በአጎቴ ሳሎን ብሞክረው ሦስት ጊዜ ተደውሎ ሦስቱንም ጊዜ አልጠራም። ተሳካልኝ ብዬ የሐረጎን አቀበት ወጥቼ ቤቴ ስደርስ እንደገና ጠራ። የአጎቴ ልጅ ምክንያቱ የከፍታ ልዩነት ነው ይለኛል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ነው ባይ ነው። እውነት ይህ ነው? ቆርቆሮው ቢወፍርስ ይሻለው ይሆን? መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

የሸዋ በሩ

መምህር፣ ችግሩ ኧርዝ አለመሳብዎ ይመስለኛል። ቴሌቪዥንና ራዲዮ በመጠገን ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ብረት ለበስ ነገር ሁሉ ወደ መሬት ካልተያያዘ የሰበሰበውን ሞገድ የሚያፈስበት ስለማይኖረው ሥራውን አይሠራም። ከቆርቆሮው ላይ አንድ ወፍራም ሽቦ በይዱና መሬት ውስጥ ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋር ያገናኙት። ፎይሉም በጣም ስስ ስለሆነ ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ መደራረብ ይኖርበታል።

ቦርከና ዳር

ለጠያቂው መምህርም ለወንድሜ ለሸዋ በሩም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ስልክ እጠግናለሁ፤ ከዚያ በፊት የመገናኛ መሣሪያዎች ላይ ስለሠራሁ ጉዳዩን ጥቂት አውቀዋለሁ። ሁለቱንም ሐሳቦች ልቃወም ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከከፍታው ልጀምር። ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ እንዳሉ ቆርቆሮዎ አያውቅም። ልዩነቱን ያመጣው ስልኩ ቆርቆሮ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚደርሰው የሲግናል ብርታት ነው። ስልክዎ ሴቲንግ ውስጥ፣ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ክፍል ሥር የሲም ሁኔታ የሚለውን ቢከፍቱ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለው፣ ዲቢኤም የተባለ፣ የሲግናሉን ብርታት የሚለካ ቁጥር ያገኛሉ። ከታወር ፊት ለፊት የሆነ ቤት በ2ጂ ኔትወርክ ላይ ከ55 እስከ 60 ሲቀነስ ሊያሳይ ይችላል፤ ግድግዳ የበዛበት፣ በሕንፃ የተከለለ ሳሎን ደግሞ 90 ሲቀነስ ወይም ከዚያ የባሰ ያሳያል። ስልኩ መስማት የሚያቆመው 105 ሲቀነስ አካባቢ ሲደርስ ነው። በዚህ መለኪያ የ10 ልዩነት ማለት ኃይሉ ዐሥር እጥፍ፣ የ30 ልዩነት ማለት ሺህ እጥፍ መቀነሱ ነው። እንግዲህ የእርስዎ ቆርቆሮ ሲግናሉን በ30 ያዳክመዋል ብንል፣ ሺህ እጥፍ አዳክሞትም 58 ሲቀነስ የነበረው 88 ሲቀነስ ሆኖ ደሴ ላይ ስልኩ እንደልብ ይሠራል፤ 90 ሲቀነስ የነበረው ግን 120 ሲቀነስ ደርሶ ይጠፋል። ቆርቆሮው በሁለቱም ከተማ የሠራው ሥራ አንድ ነው። ፋራዳይ ኬጅ ወይ ይከላከላል ወይ አይከላከልም የሚባል ነገር ሳይሆን፣ ምን ያህል ያዳክማል ተብሎ የሚጠየቅ ነገር ነው። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ተቀምጠን ኔትወርኩ ሲቆራረጥብን ወደ በረንዳ የምንወጣበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ክዳኑ ያዳክማል እንጂ አይዘጋም።

አሁን ወደ ውፍረቱ። የሬዲዮ ሞገድ በብረት ውስጥ ብዙ አይጠልቅም። በ900 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም 2ጂ በሚሠራበት አካባቢ፣ አሉሚኒየም ውስጥ የሚጠልቀው ከሚሊ ሜትር 3 ሺኛ ያነሰ ነው፤ የወጥ ቤት ፎይል ደግሞ ከሚሊ ሜትር 16 ሺኛ ገደማ ውፍረት አለው። ስለዚህ አንድ ንብርብር ፎይል እንኳ ከበቂ በላይ ነው። ሲግናሉ የሚያልፈው በብረቱ አይደለም፣ በመጋጠሚያው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ክፍተት ሲባል ዓይናችን የሚያየው ስፋቱን ነው፤ ሞገዱ ግን የሚመለከተው ርዝመቱን ነው። የፀጉር ስፋት ብቻ ያለው ስንጥቅ ረጅም ከሆነ ራሱ አንቴና ሆኖ ከውጭ የተቀበለውን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የግማሹን ያህል፣ ማለትም 16 ወይም 17 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ለእሱ የተከፈተ በር ነው። ዋይ ፋይ የሚሠራበት 2,400 ሜጋኸርዝ ሲሆን ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። የእርስዎ ብስኩት ቆርቆሮ ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል የክዳኑ ዙሪያ 63 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክዳኑ ጥብቅ ቢሆንም የቆርቆሮው ጠርዝ በውጭ ቀለም፣ በውስጥ ቫርኒሽ ስለተቀባ ብረት ከብረት አልተነካካም፤ በዓይን የተዘጋው ክዳን ለሞገዱ ዙሪያውን ክፍት ነው። የካርቶንዎም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ፎይሉን በፎይል ላይ ከመደረብ ይልቅ በመካከላቸው ፕላስተር ካስገቡ፣ ፕላስተሩ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ረጅም ስንጥቅ ፈጥረዋል ማለት ነው።

ማድረግ ያለብዎት የክዳኑን ውስጠኛ ጠርዝና የቆርቆሮውን አንገት በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገው ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ቀለሙን ማስለቀቅ ነው። ክዳኑ ከዚያ በኋላ የሚላላ ከሆነ ፎይል እንደ ገመድ ጠቅልለው አንገቱ ላይ ያዙሩና ክዳኑን በላዩ ይጫኑት። በፎይል ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ጠርዞች 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አደራርበው አንድ ላይ ሁለት ጊዜ አጥፈው ይጫኗቸው፤ ፕላስተሩ ከላይ ይለጠፍ እንጂ በመካከል አይግባ።

ኧርዝን በተመለከተ ወንድሜ የሸዋ በሩ የሚለው ለአምፕሊፋየር ጩኸትና ለኤሌክትሪክ አደጋ እውነት ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አያስፈልግም። ማይክል ፋራዳይ በ1836 በብረት ቅጠል የለበጠውን ክፍል ከውጭ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲያስመታው በውስጡ ያስቀመጠው ኤሌክትሮስኮፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙላት መኖሩን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ምንም አላሳየም፤ የሚከላከለው የተዘጋው የብረት ገጽ ራሱ ነው። አውሮፕላን በሰማይ ላይ በመብረቅ ሲመታ ኧርዝ የለውም፤ ቢሆንም በውስጡ የተቀመጠው ሰው አይጎዳም። እንዲያውም ሽቦ በቀዳዳ ወደ ሣጥኑ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሲግናሉን እየመራ የሚያስገባው እሱ ነው። አንድ ደንበኛዬ ስልኩ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ቻርጅ እንዲያደርግ ብሎ የቻርጀር ገመድ በቀዳዳ አሳልፎ፣ ሣጥኑ ለምን አልሠራም ብሎ ሲጨነቅ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በኤፍ ኤም ራዲዮ ሞክራችሁ ዝም ካለ ስልኩም ዝም ይላል ብላችሁ አትመኑ። የኤፍ ኤም ሞገድ 3 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ትንሽ ክፍተት አያስገባውም፤ የስልኩና የዋይ ፋዩ ሞገድ ግን በዚያው ክፍተት ይገባል። ስልክ በማይክሮዌቭ ውስጥ ዘግታችሁ ሲጠራ ብትሰሙም ማይክሮዌቩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ በሩ የተሠራው ለ2,450 ሜጋኸርዝ ነው፤ ታወር አጠገብ ለሚገኝ ስልክ ደግሞ የሚያፈስሰው ጥቂት ሲግናል እንኳ ይበቃዋል።

ከጦሳ ሥር

ቦርከና ዳር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንደነገሩኝ ስልኬን 2ጂ ላይ አድርጌ ለካሁት። በመስኮቴ አጠገብ 57 ሲቀነስ አሳየኝ፤ የአጎቴን ልጅ ደውዬ ሳሎናቸው ውስጥ እንዲያይልኝ ብጠይቀው 93 ሲቀነስ አለኝ። የተሸነፈ መሆኑን ግን እስካሁን አላመነም።

የሲግናሉን ቁጥር በየጥቂት ሰከንዱ የሚመዘግብ አፕ ስልኬ ላይ ጫንሁና ስልኩን ቆርቆሮው ውስጥ አምስት አምስት ደቂቃ እያቆየሁ፣ ካወጣሁት በኋላ መዝገቡን አነበብሁ። ቀለሙ ሳይነካ 86 ሲቀነስ ነበር። ጠርዙን ፈግፍጌ ብቻ ስሞክር 95 ሲቀነስ፣ የፎይሉን ገመድ ከጨመርሁበት በኋላ 102 ሲቀነስ ሆነ። ሲደወልለት አንዳንዴ ይጠራል፣ አንዳንዴ አይጠራም። ከዚህ በኋላ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በተመሳሳይ መንገድ አዘጋጅቼ፣ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልዬ በእሱ ውስጥ፣ እሱን ደግሞ በብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ ካርቶን አልብሼ ከተትሁት። መዝገቡ ላይ ኔትወርክ የለም የሚል ብቻ ቀረ፤ ባለቤቴም ዐሥር ጊዜ ደውላ አንዱም አልገባላትም።

አሁን የቀረው ለሠላሳ አራት ስልክ የሚበቃ ሣጥን ማግኘት ነው። ማሠራት ይሻላል ወይስ ትልቅ ድስት ይበቃል?

ቦርከና ዳር

ድስት አይሆንም፤ ክዳኑ የሚያርፍበት ጠርዝ ወጣ ገባ ስለሆነ ከሁለት ሦስት ቦታ በቀር አይነካካም። ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሄደው ባልተቀባ ጋልቫናይዝድ ላሜራ ያሠሩት። ሦስት ነገር አደራ ይበሉት፤ ጠርዙ በምስማር ሳይሆን ሁለት ጊዜ ታጥፎ በመዶሻ ይደቅደቅ፣ ክዳኑ እንደ አገልግል ክዳን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወርዶ አካሉን ይቀፍ፣ ለማጠፊያም ለመያዣም ተብሎ ምንም ቀዳዳ አይበሳ። በውስጡ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ አንጥፉ፤ ስልኮቹ ከብረቱ ጋር እንዳይነካኩና እንዳይቧጨሩ።

በገበያ የሚሸጠውን ጃመር ቢያሳዩዎት እንዳይታለሉ። ሣጥን ምንም ሞገድ ስለማይለቅ ማንንም አይጎዳም፤ ጃመር ግን ሞገድ የሚረጭ መሣሪያ ነውና የአጥሩን ወሰን አያውቅም፤ ጎረቤት አምቡላንስ ለመጥራት የሚደውለውንም ያውካል።

የሸዋ በሩ

ስለ ኧርዙ ተምሬአለሁ፤ አመሰግናለሁ። ክረምት ሲመጣ ደሴ ላይ መብረቅ የሚያቃጥለው ቴሌቪዥንና ዲኮደር ብዙ ነው፤ እንዲህ ባለ ሣጥን ማዳን ይቻል ይሆን?

ቦርከና ዳር

ዕቃው ሥራ ላይ እያለ አይቻልም። የሚያቃጥለው በአየር የሚመጣው ሳይሆን በኤሌክትሪክ መስመሩና በዲሽ ኬብሉ ተከትሎ የሚገባው ነው፤ ገመዱ ሣጥኑን አልፎ እስከገባ ድረስ ሣጥኑ የለም ማለት ነው። ደመናው ሲጠቁር ሶኬቱንም የዲሽ ገመዱንም መንቀል ነው እንጂ።

ከጦሳ ሥር

ሣጥኑን ሰኞ ገበያ አካባቢ አሠራሁ። ቆርቆሮ ሠሪው ክዳኑን ሲያጠልቀው ከውስጥ የሚወጣው አየር እየገፋው ወደ ላይ ሲነሣ አይቶ፣ መተንፈሻ ልብሳው ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ አስቆምሁት። ትናንት በሒሳብ ፈተና ላይ ሠላሳ አራቱንም ስልክ ከትቼ ለሁለት ሰዓት ዘጋሁት። አንድም ጥሪ አልገባም፤ አራት ሰዓት ላይ ግን የአንዱ ልጅ ማንቂያ ደወል ሣጥኑን እንደ ከበሮ አስጮኸው። ማንቂያ ኔትወርክ እንደማይፈልግ እኔም አላሰብሁበትም ነበር።

ሌላ ያስተዋልሁት፣ ስልኮቹ ሳወጣቸው ሞቅ ብለዋል፤ ኔትወርክ ሲያጡ በሙሉ ኃይላቸው ስለሚፈልጉ ይመስለኛል፤ ባትሪው ወርዶ የነበረ አንዱ ጭራሽ ጠፍቶ ተገኘ። ባለቤቱም፦ «መምህር፣ ሣጥኑ ቻርጄን በላብኝ» ብሎ ከሰሰኝ። ክዳኑን እንደከፈትሁ ደግሞ የሁለት ሰዓቱ መልእክት በአንድ ጊዜ ገብቶ ሠላሳው ስልክ ሲንጫጫ፣ ወረቀታቸውን ያላስረከቡ ሦስት ልጆች ነበሩ። ከዛሬ ጀምሮ ሣጥኑን የምከፍተው የመጨረሻው ወረቀት እጄ ከገባ በኋላ፣ በረንዳ ላይ ነው።