ቫይረሱ «የለም» ከተባለ የጉበት ኪኒኑ ለምን?

ሄለን፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ሊምፎማ (የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር) አለበት። በሚቀጥለው ሳምንት ሪቱክሲማብ ያለበት ኬሞ ይጀምራል። የሄፓታይተስ ቢ ውጤቱ ላይ ሰርፌስ አንቲጅን (የቫይረሱ የላይ ሽፋን ፕሮቲን) ኔጋቲቭ፣ ኮር አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው) ፖዘቲቭ ይላል። ዶክተሩ ኢንቴካቪር የሚባል የሄፓታይተስ ቢን ቫይረስ የሚያፍን ኪኒን አዘዙለት። አባዬ ግን «ቫይረሱ ከሌለብኝ ምን ያስውጠኛል?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ምን ልበለው?

ዳዊት (ላብራቶሪ ነው የምሠራው)፦ እህቴ፣ ሁለተኛዋን መስመር አሳዪው። ኮር አንቲቦዲ በክትባት አይመጣም። ፖዘቲቭ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ አንድ ወቅት ሰውነቱ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ሰውነት ቢያሸንፈውም ቫይረሱ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ጉበት ሴሎች ውስጥ አድፍጦ ይቀራል። አንገቱን እንዳያነሳ የሚይዘው የመከላከል አቅማችን ነው። ሪቱክሲማብ ደግሞ ሲዲ20 የሚባል ፕሮቲን ያለባቸውን ቢ ሴሎች (በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች) ያጠፋል፣ የታመመውንም ጤነኛውንም። ያኔ ቫይረሱ ሊነሳ ይችላል። ጉበት ከተጎዳ ኬሞው ይቋረጣል፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ማስጠንቀቂያውን ያጠበቀው ለዚህ ነው።

ትዕግስት፦ ሄሉዬ፣ እኛ ቤት የደረሰውን ልንገርሽ። ባለቤቴ ኬሞውን ጨርሶ ዕጢው ጠፋ ተባልን። ደስ ብሎን ኪኒኑንም በራሳችን ተውነው። ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ አየሁት። ሽንቱ ጥቁር ሻይ መስሏል። ካንሰሩን ያሸነፈ ሰው በጉበት ሆስፒታል ተኛ። ተርፎልኛል፣ ተመስገን። አደራሽን፣ ኬሞው አለቀ ብላችሁ እንዳታቆሙ።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ፣ እሱ ነው ዋናው። ከመጨረሻው ሪቱክሲማብ በኋላ ቢያንስ 12 ወር ይወሰዳል፤ 18 ወር የሚሉ መመሪያዎችም አሉ። ከቆመ በኋላም የጉበት ምርመራው ለወራት ይቀጥላል።

ሰለሞን፦ ሄፓታይተስ ሲስ አብሮ ታይቷል? እሱ በኪኒን ይድናል። ቀስ ብለው የሚያድጉ አንዳንድ ሊምፎማዎች ቫይረሱ ሲታከም ብቻ የሚቀንሱበት ጊዜ አለ።

ሄለን፦ ሲው ኔጋቲቭ ነው። ወረቀቱን አሳየሁት፣ የትዕግስትንም አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆየና «መቼ ነው የሚዋጠው?» አለኝ።

ትዕግስት፦ እሰይ! ኢንቴካቪር በባዶ ሆድ ነው፤ ምግብ ከበላ ከ2 ሰዓት በኋላ፣ ቀጥሎ ከሚበላውም 2 ሰዓት ቀድሞ። የኔው ማታ ሊተኛ ሲል ነው የሚውጠው። የኩላሊት ችግር ካለበት ለዶክተሩ ንገሪያቸው፣ መጠኑ ይስተካከላል።