ጅማ ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ነን፣ በአንድ ምድጃ ርካሽና ጤነኛ ምግብ ምን እንሥራ?

ተማሪዋ_ጅማ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ? ጅማ የግል ኮሌጅ ነው የምማረው፣ 2ኛ ዓመት ነኝ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው ያለነው። ያለን ዕቃ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ድስትና አንድ መጥበሻ ነው፣ ፍሪጅ የለንም። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ምግብ ቤት፣ ማታ ፓስታ ምናምን እያልን ከቤት የሚላክልን ብር ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። አከራያችን ደግሞ ምድጃው ብዙ ሰዓት ከበራ ቆጣሪ በላችሁብኝ ትላለች፣ እሷም አልተሳሳተችም፣ መብራቱ ውድ ነው። በዚያ ላይ ክላስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ራሴን ያዞረኛል፣ ስመረመር ደም ማነስ አለሽ ተባልኩና የአይረን እንክብል ታዘዘልኝ። አንዷ ጓደኛዬ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ አንዷ ሙስሊም ናት፣ ስለዚህ ሦስታችንም ከአንድ ድስት የምንበላው ነገር ብታሳዩን ደስ ይለኛል። በናታችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

የጂሬን_ልጅ፦
እህቴ እኔም እዚሁ ስማር እንዲህ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ የምግብ ቤቱን ምሳ ቁረጡት፣ ብራችሁን የሚጨርሰው እሱ ነው፣ በዚያ ብር ምስር ገዝታችሁ ቤት ብትሠሩ ይሻላችኋል። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ውጡ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ማብቂያው ከሄዳችሁ ሻጮቹ ይዘው ወደ ገጠር መመለስ ስለማይፈልጉ ጎመኑን፣ ድንቹን፣ አቮካዶውን በቅናሽ ይሰጧችኋል። የምትገዙት ደረቅ ነገር ምስር ክክ፣ አተር ክክ፣ ሽምብራ፣ ሽሮ ይሁን። እነዚህ ለጾሙም ለፍስኩም ይሆናሉ፣ ያለ ፍሪጅም ይቀመጣሉ፣ ብቻ የጅማ ዝናብና እርጥበት ሽሮን ቶሎ ያሻግተዋልና ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ አድርጉት።

የመብራቱን ነገር ደግሞ እንዲህ አድርጊው። ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት ውኃውን ደፍተሽ በአዲስ ውኃ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ተንተክትኮ ይፍላ፣ ከዚያ ክዳኑን ሳትከፍቺ ድስቱን በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ግጥም አድርገሽ ጠቅልለሽ ጥግ ላይ አስቀምጪና ክላስሽ ሂጂ። ምድጃው ጠፍቶ በራሱ ሙቀት ይበስላል፣ ስትመለሺ እጅሽን እስኪያቃጥል ድረስ ትኩስ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ትንሽ ከጠነከረ ጥቂት ደቂቃ ብቻ መልሰሽ ታፈዪዋለሽ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃው ከ95 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው፣ ጥራጥሬ የሚቆይብን ለዛ ነው፣ ስለዚህ መዘፍዘፉን እንዳትተይው።

ኒውትሪሽን_4ኛ_ዓመት፦
የደም ማነሱን ነገር ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። የኔ እህት፣ እንክብሉን በታዘዘልሽ መሠረት ጨርሺው፣ ጀምሮ መተው አያዋጣም፣ ምግቡ እሱን የሚያግዝ ነው እንጂ የሚተካው አይደለም። አንድ ጅማ ውስጥ ሁላችንም የምናደርገው ነገር አለ፣ በልተን ሳንነሳ ቡና ይቀዳል። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከተጠጣ በጥራጥሬና በጎመን ውስጥ ያለው አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፣ እንክብሉንም እንደዛው። ቡና ተዪ አላልኩሽም፣ ከበላሽ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቂ ነው የምልሽ። የጠዋቱ ሻይ በዳቦም ለዚህ ነው የማይጠቅምሽ።

በተቃራኒው ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር አብሮ ሲበላ አይረኑ በደንብ ይገባል። ምስሩ ላይ ከእሳት ስታወርጂው ሎሚ ጭመቂበት፣ ቃሪያና ቲማቲም በጥሬው አድርጊ፣ ወቅቱ ሲሆን ደግሞ ዘይቱን (ጉዋቫ) ብዪ፣ ጅማ ዘይቱን እንደ ልብ ነው፣ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን በብዙ ይበልጠዋል፣ ሰው ግን ርካሽ ስለሆነ ይንቀዋል። ጥሬ የሚበላውን ሁሉ በንጹሕ ውኃ በደንብ እጠቡት፣ ታይፎይድና አሜባ ከያዛችሁ ያጠራቀማችሁት ሁሉ ለሕክምና ነው የሚሄደው። እናንተ የማትጾሙት እንቁላል ጨምሩ፣ ጉበትም አንዳንዴ ሩብ ኪሎ ገዝታችሁ በደንብ አብስላችሁ ብትካፈሉት ለደም እሱን የሚያህል የለም።

የሦስት_ልጆች_እናት፦
ልጆቼ፣ ሦስታችሁ በአንድ ድስት መብላታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ቁሌት ሥሩና አስቀምጡ። ሽንኩርቱን ደቆ ይከተፍ፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቁ አቁላሉት፣ ድስቱን ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውኃ ስጡት፣ ቀይ እስኪል ታገሡት፣ ዘይቱ ከዚያ ነው የሚገባው፣ እንዲህ ሲሆን ትንሽ ዘይት ይበቃዋል። በርበሬውን በትንሽ ውኃ ለውሳችሁ ጨምሩ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፣ ዘይቱ ከላይ እስኪጠል ይንተክተክ። ይህን በደረቅ ማንኪያ እየቀነሳችሁ፣ በየቀኑ አንዴ እያሞቃችሁት ለሦስት ቀን ትበሉታላችሁ፣ ዛሬ ሽሮ፣ ነገ ምስር፣ ከነገ ወዲያ ድንች በካሮት። ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ፣ አዮዲን ያለው ጨው ብዙ ሲፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል። የሠራችሁት ወጥ ከተረፈም ጠዋትና ማታ ገንፈል እስኪል አፍሉት።

እንጀራ በየቀኑ መግዛት ይከብዳችኋል፣ አውቃለሁ። አንዳንድ ቀን ጎደሬ ቀቅሉ፣ እዚህ ሞልቷል፣ ግን እስኪለሰልስ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል። የበቆሎ ቂጣ ጋግራችሁ በአቮካዶ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ ብሉት፣ ጠዋት ደግሞ በሻዩ ፈንታ ቅንጬ ወይም በሶ ይሻላችኋል። አከራያችሁንም ቁጭ ብላችሁ አናግሯት፣ በወር ይህን ያህል እንጨምራለን በሏት፣ ከመነጫነጭ ይሻላል።

ዝም_ያለው፦
ሁለት ነገር ብቻ። መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥላችሁ ክፍል ውስጥ አታስገቡ፣ ጭሱ ቢጠፋም ከፍሙ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ሽታ የለውም አታውቁትም፣ ውጭ በረንዳ ላይ ሥሩ፣ በተለይ ማታ በር ዘግታችሁ አትተኙበት። ሌላው ሩዝ ሠርታችሁ ያለ ፍሪጅ አታሳድሩ፣ ሲያድር ባክቴሪያ መርዝ ያወጣበታል፣ በማግስቱ ብታሞቁትም መርዙ አይጠፋም፣ የምትበሉትን ያህል ብቻ ቀቅሉ።

ተማሪዋ_ጅማ፦
በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም፣ እማዬ እርስዎንም! ለጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ሐሙስ አብረን ገበያ ልንወጣ ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ቀይ ቦሎቄ ከሽምብራ ይረክሳል፣ እሱንም በጋቢው ማብሰል ይቻላል?

ኒውትሪሽን_4ኛ_ዓመት፦
ይቻላል፣ ግን ቦሎቄ ላይ ጥንቃቄ አለው። ጥሬው ውስጥ ሆድ የሚቆርጥና የሚያስመልስ ነገር አለ፣ የሚጠፋው በኃይል ሲፈላ ነው፣ ለብ ያለ ሙቀት አያጠፋውም። ስለዚህ ሌሊቱን ዘፍዝፊ፣ ውኃውን ድፊ፣ በአዲስ ውኃ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየተንተከተከ ይፍላ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጋቢው የሚገባው። ስታወጪው አንዱን በጣትሽ ጨፍልቂው፣ መሐሉ ደረቅ ከሆነ መልሺው ወደ ምድጃ።